የቪዲዮ ቤቶቹን ድምፅ በዝምታ አንለፈው

በኢሉባቦር ዳሪሙ ወረዳ ለምትኖሩ የዕድሜ እኩዮቼ፣

ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። ወጣቶቹ ድምፁን ወደውት ነው የሚገቡት። ቪዲዮ ቤቱን የከፈተው ልጅም ቢሆን እንጀራውን ፍለጋ ነው። ቤቱ ግን የእኛ ነው። በየወሩ ኪራይ የምንቀበለው እኛ ነን። እድሩን የምንመራው፣ በወላጅ ኮሚቴ ተቀምጠን «ልጆቹ ትምህርት አይገባቸውም» እያልን የምናማርረው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ለሽምግልና የምንጠራው እኛው ነን። ስለዚህ ሳላድበሰብስ ለእናንተው ልናገር። የልጆቻችን ጆሮ እየተጎዳ ነው፤ የሚጎዳውም እኛ ባከራየነው ቤት ውስጥ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። የፊልም ጠላት አይደለሁም። በምኒልክ ዘመን ፊልም አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ያኔ ፊልሙ ድምፅ እንኳን አልነበረውም፤ ሰውን ያስደነገጠው ምስሉ ነው። የእኔ ስጋት ከዚያ ጋር አይገናኝም። የካራቴውን፣ የህንዱን፣ የአማርኛውን፣ የአፋን ኦሮሞውን ፊልም ልጆች ቢያዩ አልከፋም። ደግሞም ኢሉባቦር የፊልም ሰው ውለታ አለባት። ካርል ሄንዝ ቦም በአውሮፓ ስሙ የታወቀ ተዋናይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1981 «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ፣ ትወናውን ትቶ ወደ አገራችን መጣ፤ በእኛው ምድርም ለረጅም ዓመታት ሠራ። መቱ ያለው ሆስፒታል እስከ ዛሬ በእሱ ስም «ካርል» ይባላል። ስለዚህ የምናገረው ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ድምፁ ብቻ ነው።

አብዛኞቻችን የቤቱን ቁልፍ ለተከራዩ ከሰጠን ወዲህ ገብተን አላየነውም። እኔ ገብቼ ተቀምጫለሁ። የጭቃ ግድግዳ፣ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ብርሃን እንዳያስገባ በሸራ የተሸፈነ መስኮት። ከፊት ቴሌቪዥኑ ተሰቅሏል፤ ከግራና ከቀኙ ሁለት ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ በባዶ የቢራ ሳጥን ላይ ቆሟል። ትልልቆቹ ከኋላ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ሕፃናቱ የሚከፍሉት ትንሽ ስለሆነ፣ ወይም ጎረምሶቹ ስለሚገፏቸው፣ ከፊት መሬት ላይ ይደረደራሉ። የሞንታርቦው አፍ በልጁ ጆሮ ትክክል ነው፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። ጠብ ሲጀመር፣ መኪና ሲፈነዳ፣ ከላይ ያለው ቆርቆሮ ሚስማሩ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አቧራው ከማገሩ እየረገፈ ፀጉራቸው ላይ ያርፋል። ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ልጅ ደግሞ ገንዘብ ስለሚቀበል በሩ ላይ ነው። ከሞንታርቦው ከሁሉ የራቀው እሱ ነው። ለእሱ ልክ የሆነው ድምፅ ፊት ለተቀመጠው ልጅ ምን እንደሆነ አይታወቀውም። ሜዳ ላይ ከድምፁ ያለን ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። በጠባብ ክፍል ውስጥ የፊቱና የኋላው ልዩነት እንደዚያ አይሰፋም፤ የማይሰፋው ግን ግድግዳውና ቆርቆሮው ድምፁን እየመለሱ ስለሚያስተጋቡት፣ ከኋላ ያለውም ስለማይድን ነው።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ዝናብ አለ። የጎሬና የመቱ አካባቢ ከኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከበልጉ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ቆርቆሯችን አያርፍም። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ኃይለኛ ዝናብ ሲመታ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳን አይደማመጡም። ድምፁን የሚቆጣጠረው ልጅ ምን ያድርግ? ድምፁን ይጨምራል። መብራት ይጠፋል፤ ከጓሮ ጄኔሬተር ይነሳል፤ እንደገና ይጨምራል። ዝናቡ ሲያባራ ወይም መብራቱ ሲመጣ ግን ወደነበረበት የሚመልሰው የለም። በዚያ ሰዓት የቤቱ ሰው ሁሉ ጆሮው ደንዝዟል፤ ከፍተኛው ድምፅ መካከለኛ መስሎ ይሰማዋል። ከነገሩ ሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ማንም ሳይወስን፣ ድምፁ በየቀኑ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ሁለት ቪዲዮ ቤቶች ጎን ለጎን ሲሆኑማ፣ እያንዳንዳቸው ሰው ለመጥራት አንድ ሞንታርቦ ወደ መንገዱ ያዞራሉ፤ አንዱ ሌላውን ለመብለጥ ሲሞክር ከውስጥ ያለው ልጅ መሐል ላይ ይቀራል።

ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚሁ በክረምት ነው። መሬቱ ጭቃ፣ ሰማዩ ጨለማ ስለሆነ ልጁ ሌላ መዋያ የለውም፤ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ አለ። ቡና ሲደርስ ደግሞ ለቀማ የዋለ ልጅ ኪሱ ውስጥ ብር ይኖራል፤ ያንን ይዞ ማታ ኳስ ሊያይ ይመጣል። ኳሱ ከፊልሙ ይብሳል። ጎል ሲገባ የሞንታርቦው ድምፅ እንዳለ ሆኖ፣ ከላዩ የመቶ ሰው ጩኸት በአንድ ጊዜ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይወጣል።

አሁን ስለ ልኩ ልናገር፤ ቁጥር አልወድም የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ። ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሁለት ሰው ተቀራርበው በዝግታ ሲያወሩ 60 ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኛ ያስቀመጠው ልክ 85 ዴሲቤል ሆኖ በቀን እስከ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው የሚያስፈራው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲጨምር ጆሮ ላይ የሚያርፈው ጉልበት በእጥፍ ያድጋል፣ የሚፈቀደው ጊዜ ደግሞ በግማሽ ያጥራል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። ይህ ለጎልማሳ ሠራተኛ የወጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሙዚቃና መሰል ድምፅ ለሚያዳምጡ ሰዎች ያወጡት ምክር ከዚህ ይጠብቃል፤ ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች በሳምንት 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል። እንግዲህ አንድ የህንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ድምፁ 94 ላይ ቢሆን የአንድ ጎልማሳ የቀን ድርሻ ፊልሙ ገና ሲሟሟቅ አልቋል። ልጁ ግን ሁለተኛውን ፊልም ለማየት እዚያው ይቆያል።

መለኪያ የለንም የሚል ካለ፣ መሣሪያ የማይፈልግ መለኪያ አለ። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ በክንድ ርቀት ላለ ሰው በተለመደው ድምፃችሁ ተናገሩ። ካልሰማችሁና መጮኽ ካስፈለጋችሁ፣ ድምፁ ጆሮ ከሚጎዳበት ልክ ደርሷል ወይም አልፏል ማለት ነው። ከወጣችሁም በኋላ ጆሯችሁ ጭው ካለ፣ የሰው ድምፅ በጥጥ ውስጥ የሚያልፍ መስሎ ከተሰማችሁ፣ በዚያች ሰዓት ውስጣዊው ጆሯችሁ ተጎድቷል። የልጅ ልጆቻችሁም በስልካቸው ላይ ዴሲቤል የሚያሳይ መተግበሪያ ጭነው ሊለኩላችሁ ይችላሉ፤ እንደ ሐኪም ቤት መሣሪያ ትክክል ባይሆንም 70ን ከ100 አያምታታም።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ካላወቅን ነገሩ የሽማግሌ ንዝንዝ ይመስላል። በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል፣ 15,000 ያህል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ አናታቸው ላይ እንደ ፀጉር ያለ ነገር አላቸው። ድምፅ ሲመጣ ያ ፀጉር ይወዛወዝና መልእክቱን ለአንጎል ያቀብላል። ማሳ ላይ ያለ ጤፍ ዝናብ ሲመታው ይተኛል፤ ፀሐይ ሲወጣ ቀና ይላል፤ በላዩ ላይ ከብት ከተመላለሰበት ግን ይሰበራል፣ የተሰበረውም አይነሳም። ፀጉሩም እንደዚሁ ነው። አንድ ቀን ጭው ብሎ በማግስቱ የሚተወው ጆሮ ቀና ያለው ነው። በየሳምንቱ፣ በየክረምቱ የሚረገጠው ግን ይሞታል። ዶሮ እንኳን የሞቱባትን የጆሮ ሕዋሳት ትተካለች፤ ሰው አይተካም። በመርፌም፣ በክኒንም፣ በጠበልም የሚመልሰው መድኃኒት እስከ አሁን አልተገኘም።

ባለፈው ክረምት ከአንድ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ አልፌ ስሄድ ፊልሙ አልቆ ልጆቹ ይወጡ ነበር። ከፊቴ የጎረቤቴ ልጅ ይሄዳል፤ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በስሙ ጠራሁት። አልዞረም። ድጋሚ ጠራሁት፤ አሁንም አልዞረም። ትከሻውን ስነካው ደንግጦ ዘለለ። «አልሰማኸኝም እንዴ?» አልኩት። አፌን አፌን እያየ፣ ከሚገባው በላይ ጮኾ፣ «ጆሮዬ ጭው ይላል አባባ፤ ሁልጊዜ ነው፤ ጠዋት ይተወኛል» አለኝ። ይህን ያለኝ ሳይሳቀቅ ነው፤ ፊልም ማየት ማለት እንደዚህ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ቀጥሎ ወንድሙ ከመንገዱ ማዶ ሲጠራው፣ ወንድሙን ሳይሆን ሌላውን አቅጣጫ ነው ያየው። ከኋላው ባጃጅ ሲመጣ እኔ ነኝ እጁን ይዤ ወደ ዳር የሳብኩት።

ጆሮ በጩኸት ሲጎዳ በአንድ ጊዜ አይዘጋም። ቢዘጋማ እናቱ ወዲያው ታውቅ ነበር። መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ባለሙያዎች 4,000 ኸርትዝ በሚሉት አካባቢ ያለው። ልጁ ከበሮውን ይሰማል፣ የአባቱን ወፍራም ድምፅ ይሰማል፣ ስለዚህ ጤነኛ ይመስላል። የ«ሰ»ን፣ የ«ፈ»ን፣ የ«ሸ»ን፣ የ«ጸ»ን ድምፅ ግን እየለየ አይሰማም። መምህሩ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲናገር፣ በተጨናነቀ ክፍል ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የሚደርሰው የቃሉ ግማሽ ነው። ግማሹን ይገምታል። ሲሳሳት ሰነፍ ይባላል፤ ሲደክመው ይተዋል። ዘመኔን ያሳለፍኩት በማስተማር ነውና ይህን ዓይነት ልጅ አውቀዋለሁ፤ ዝም ብሎ የጎረቤቱን ደብተር የሚያይ ልጅ ነው። ቤትም ሲደርስ «አይታዘዝም» ተብሎ ይመታል።

ለገበሬ ልጅ ደግሞ ጆሮ ሌላም ሥራ አለው። በቆሎ ሲያሸት ማታ ማታ ማማ ላይ አድረን የጠበቅን ሁሉ እናውቀዋለን። ከርከሮ ወደ ማሳ ሲገባ የሚታወቀው በዓይን አይደለም፤ ከጫፍ ያለው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ነው። ያ ድምፅ ቀጭን ነው። ያንን የማይሰማ ጎረምሳ ማማው ላይ ቢያድርም ማሳው ባዶውን ነው። ንብ ከቀፎዋ ልትወጣ ስትል ድምፅዋ ይለወጣል፤ እሱንም የሚያውቅ የቀድሞ ሰው ነው፤ ለልጁ ሊያስተምር ቢፈልግ ጆሮው የደከመ ልጅ ለውጡን ላይለየው ይችላል።

ወንድሞቼ፣ ከእናንተ የተሻለ ይህን ሊረዳ የሚችል የለም፤ ምክንያቱም ዛሬ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ጆሯችን ደክሟል። በሽምግልና ተቀምጠን ተከሳሹ ምን እንዳለ ሳይሰማን ራስ መነቅነቅ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ከቡናው ዙሪያ ሁሉ ሲስቅ ለምን እንደሳቁ ሳናውቅ አብረን እንስቃለን። «ምን አልከኝ?» ማለት ሦስተኛ ጊዜ ላይ ያሳፍራል፤ አራተኛው ላይ ሰው ዝም ማለትን ይመርጣል፤ ከዚያም ከሰው መሐል መቀመጡን ራሱን ይተዋል። አንዳንዶቻችን በዕድሜ ነው። አንዳንዶቻችን በወጣትነታችን ለሳንባ ነቀርሳ ስትሬፕቶማይሲን ተወግተን ነው፤ ያ መድኃኒት ነፍስ ያድናል፣ ጆሮ ግን ሊወስድ ይችላል። ዛሬም ጄንታማይሲን የሚወጋ ልጅ አለ፤ እሱም የዚያው ወገን ነው፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት የወሰደ ጆሮ ለጩኸት ይበልጥ ይጋለጣል። ጆሮው የሚመግል ልጅም በየቤታችን አለ። እኛ በስድሳና በሰባ ዓመታችን የደረሰብንን ብቸኝነት፣ ገና ሚስት ያላገባ፣ ሥራ ያልያዘ ልጅ በሃያ ዓመቱ ሊሸከመው ነው። የሕክምና አዋቂዎች ደግሞ በጎልማሳነት ጆሮ መድከም በእርጅና ጊዜ አእምሮ ከመድከም ጋር እንደሚያያዝ ይናገራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ጤና ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በተወሰነ ደረጃ የመስማት ችግር እንዳለባቸው፣ ከእነሱም 430 ሚሊዮን የሚሆኑት እርዳታ የሚያስፈልጋቸው እንደሆኑ ገልጿል። አብዛኞቹ እንደ እኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው የሚኖሩት። ይኸው ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ካሉት መካከል ከ1 ቢሊዮን የሚበልጡት በከፍተኛ ድምፅ የተነሳ ጆሯቸው አደጋ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ሌላ ቦታ ያለ ልጅ ጆሮው ሲደክም መስሚያ መሣሪያ ይገጠምለታል። ለእኛ ልጅ መሣሪያው ውድ ነው፤ ትንሿ ባትሪዋም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ሳምንት አታልፍም፤ ዳሪሙ ውስጥ የትኛው ሱቅ ያቀርብለታል? መሣሪያውም ቢሆን ድምፅ ያጎላል እንጂ የሞተውን ሕዋስ አያስነሳም።

ይህን ሳነሳ የምሰማቸው መልሶች አሉ። «ከተማ ሲያድግ ጫጫታ አይቀርም» ይሉኛል። የገበያው ጫጫታ ሌላ ነው፤ ሰው ይደክመዋል፣ ይመሻል፣ ይበተናል። ሞንታርቦ አይደክመውም። «እኛስ በሠርግ በከበሮና በጥይት አይደል ያደግነው?» የሚልም አለ። ጥይቱ ጆሮ እንደሚጎዳ እውነት ነው፤ ከመካከላችን በዚያው አንድ ጆሮውን ያጣ እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ ይህ መከራከሪያ ሳይሆን ማስረጃ ነው። ጠንከር ያለው ግን «ተከራዩ ድምፁን ከቀነሰ ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፤ ኪራዬን አይከፍለኝም» የሚለው ነው። ይህን አላቃልለውም፤ ኪራዩ ለስንቶቻችን የዘይትና የጤፍ መግዣ ነው። መልሱ አንድ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይቀንስ። ሁሉም አከራይ በአንድነት ከተነሳ ማንም ከማንም አይበልጥም። ይህ ደግሞ በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው።

«በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችም ድምፁ ያው ነው» ያለኝም አለ። ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አዳራሻቸው ሰፊ ነው፤ ግድግዳቸው በለስላሳ ነገር የተለበጠ ነው፤ ዋናዎቹ ድምፅ ማጉያዎች ከስክሪኑ ጀርባ ስለሚሆኑ ከመጀመሪያው ወንበር ይርቃሉ። በዓለም ላይ ያሉ የሲኒማ ባለሙያዎች አዳራሹን ሲያስተካክሉ ለእያንዳንዱ ድምፅ ማጉያ 85 ዴሲቤልን መነሻ አድርገው ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ያለው ፍንዳታ ግን ለቅጽበት ከ100 ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ እየተለካም ሰዎች ያማርራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት የሲኒማ ቤት ድምፅ ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ የሚል ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር፤ አልጸደቀም እንጂ። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ድንጋጌ ሙዚቃ በኃይል በሚለቀቅባቸው ቦታዎች አማካዩን በ15 ደቂቃ ውስጥ ለአዋቂ 102፣ እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት በሚዘጋጁት ላይ ደግሞ 94 ዴሲቤል ላይ አቁሞታል። ቪዲዮ ቤቶቻችን ፊልሞቿን የሚያሳዩላት ህንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በአደባባይ ድምፅ ማጉያ እንዳይሠራ ትከለክላለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷም እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን አጽንቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች መመሪያ አውጥቷል፤ አማካይ ድምፁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ እንዲለካም፣ ሰው ጆሮውን የሚያሳርፍበት ጸጥ ያለ ሥፍራም እንዲኖር ይላል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ለሰፊ አዳራሽና ለአንድ ምሽት መዝናኛ የታሰቡ ናቸው። እኛ ግን ሕፃን ልጅ ክረምቱን ሙሉ የሚውልበትን ክፍል ነው የያዝነው።

የእኛም አገር ሕግ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ቆጥሮ ልክ እንዲበጅለት ያዛል። በወጣው ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45፣ በንግድ ሰፈር ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ነው፤ ሌሊቱ የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ወደ መንገድ የተዞረ ሞንታርቦ ይህን ልክ ስንት ጊዜ እጥፍ እንደሚያልፈው መስማት የሚችል ሁሉ ያውቃል። ክስ ማቅረብ ይቻላል። እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው ወረዳ ድረስ ሮጠን የአንድ ወጣት ሱቅ እንዲታሸግ አልመኝም። የእኛ ዘመን ሰው ነገር የሚጨርሰው ተቀምጦ ነው፤ እምቢ ያለ ካለ ያኔ ሕጉ አለ።

ማድረግ ያለብን ከባድ አይደለም። ሞንታርቦው ከሳጥን ላይ ተነስቶ ከሰው ጭንቅላት በላይ ግድግዳው ላይ ይሰቀል፤ ወደ ታች አዘንብሎ ወደ ክፍሉ መሐል ይዙር። ከፊቱ ሁለት ሜትር ባዶ ይተው፤ ሕፃናቱ ከመሐል ይቀመጡ፣ መሬቱ ላይ ማንም አይቀመጥ። ወደ መንገዱ የዞረው ይነሳ። ጣሪያው ኮርኒስ ይበጅለት፤ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶም ቢሆን ከባዶ ቆርቆሮ ይሻላል፤ በግድግዳው ላይ ወፍራም ጨርቅ ቢንጠለጠል ንግግሩ ያለ ጩኸት ጥርት ብሎ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ድምፁ የሚጨመረው ቃሉ ስላልተሰማ ነው፤ ቃሉ የማይሰማው ደግሞ ድምፁ ስለሚያስተጋባ ነው፤ ቢጨመርም አይጠራም። አምፕሊፋየሩ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ፤ ከዚያ ምልክት በላይ ማንም አያዙረው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ፊልሙ ይቁም፤ ዝናብ ያልፋል። በሁለት ፊልም መካከል በሩ ተከፍቶ ልጆቹ ወጥተው ይረፉ። ድምፁን በ10 ዴሲቤል ብንቀንስ ለጆሯችን በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው የሚመስለን፤ የልጁ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ግን ወደ አሥረኛ ይወርዳል። ከአንዲት ቁልፍ መዞር የሚገኝ ይህን የሚያህል ጥቅም ሌላ ቦታ አላውቅም።

እናንተ እህቶቼም አላችሁበት። ልጁ ከቪዲዮ ቤት ሲመጣ ጀርባውን አዙሮ ሳለ በቀስታ ጥሩት። ካልሰማ አትምቱት። ጆሮው እየጮኸበት እንደሆነ ጠይቁት፤ በማግስቱም ካልተወው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ካስፈለገም መቱ። ቴሌቪዥኑን ከድሮው አብልጦ ከፍ የሚያደርግ፣ ቀረብ ብሎ የሚቀመጥ፣ ሲያወሩት አፍ አፍ የሚያይ ልጅ ካላችሁ ይህን ቸል አትበሉ። ስለ ሠርግና ስለ ሐዘን ድንኳኑ ሞንታርቦ፣ ስለ እምነት ቤቶቹም ድምፅ ማጉያ ጠይቃችሁኛል። ያም መነጋገሪያ ነው፤ የየእምነቱ አባቶች ከእኔ የተሻለ ይናገሩበታል። ሕፃናት በየቀኑ የሚውሉበት ግን ቪዲዮ ቤቱ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር እላለሁ።

በመጪው የእድራችን ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ አስይዣለሁ። ቪዲዮ ቤትና የኳስ ማሳያ ያከራያችሁ ሁሉ የኪራይ ውላችሁን ይዛችሁ ኑ። ሞንታርቦው የት እንደሚሰቀል፣ ሕፃን የት እንደሚቀመጥ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ድምፁ ምን ያህል እንደሚሆን በእያንዳንዱ ውል ላይ አንድ አንቀጽ እንጨምራለን፤ ሁላችንም በአንድ ቀን እንፈርማለን። ተከራዮቹ ልጆችም ይጠሩ፤ እነሱ ሳይሰሙት የሚወሰን ነገር አይጸናም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እንጨርሰው።